ንፍሮ ይዤ ወደ ጦር መርከብ

እናቴ ያወረሰችኝ ንብረት ቢኖር ባዶ እጅን መፍራት ነው። ሌላው እባብ ይፈራል፣ ሌላው ጨለማ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ሰው ደጅ ላይ እጄን አንጠልጥዬ መቆም እፈራለሁ። የወለደች ልጠይቅ ስሄድ ገንፎ፣ የታመመ ልጠይቅ ስሄድ ብርቱካን። አንድ ጊዜማ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ላሳድስ ስሄድ ለመስኮቱ ሰውዬ ድፎ ዳቦ ቆርሼ ወስጄለት፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጎ መልሶልኛል። ተቀይሜው ነበር። ዳቦው እኮ ሌሊቱን ሙሉ የቦካ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ የደረሰብኝን ስነግራችሁ "ምን ዓይነቷ ሴት ናት ንፍሮ ይዛ የጦር መርከብ ልትጎበኝ የምትሄደው?" ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ከነምክንያቱ ስሙኝ።

የምጦራቸው አሮጊት ሲኞራ ኤልቪራ ይባላሉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። እዚህ ሮም የእኔን ዓይነቱን ሠራተኛ ባዳንቴ ይሉታል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ፒኜቶ ሰፈር ባለው ቤታቸው አብረን ኖረናል። እግራቸው እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ምላሳቸው ግን እንደ አዲስ ምላጭ ነው። ከአልጋቸው አጠገብ አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ አለ። እስከ ክርኑ በዘይት የተነከረ ጎልማሳ ጨርቅ በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው የመርከብ ጎን በጥቂቱ ይታያል። አባታቸው ናቸው፤ ኔሎ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአንድ የጦር መርከብ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። ያ መርከብ ስንት እጥፍ የሚበልጠውን የጠላት መርከብ አሰጥሞ አዛዡ ትልቅ ጀግና ተባለ።

"አዛዡ መንገድ አገኘ፣ አደባባይ አገኘ፣ ትምህርት ቤት አገኘ" ይላሉ ሲኞራ ፎቶውን በወለወልኩ ቁጥር። "አባቴ ያገኘው ሳል ነው። ከሞተሩ ጭስ።"

መርከቡ እዚሁ ሮም ተቀምጦ በየዓመቱ የጀግናው መታሰቢያ ይደረግለታል። ዘንድሮ ሲኞራ ቀኑን ጋዜጣ ላይ አነበቡና ለልጃቸው ለሲኞር ማርኮ ደወሉለት። ማርኮ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እናቱን እንዳይበርዳት ከመፍራት በቀር ሌላ ክፋት የለበትም።

"ማማ፣ ጉንፋን ይዞሻል። ለሚቀጥለው ዓመት እወስድሻለሁ" አላቸው።

ሲኞራ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "የሚቀጥለው ዓመት ያለው ለሱ ነው። እኔ ያለኝ ቅዳሜ ነው።"

"እዚያ ሄደው ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ስሙን ልሰማ። ስለዚያ መርከብ ሲወራ ሰምቼ ነው ያረጀሁት፤ ኔሎ የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ መርከቡ አጠገብ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስሙ ሲጠራ ልስማ። ከዚያ በኋላ ማርኮ የፈለገውን ያህል ብርድ ልብስ ይከምርብኝ።"

እኔ ይህን ስሰማ በጣም ቀላል ነገር መሰለኝ። መታሰቢያ ማለት ስም መጥራት አይደለም እንዴ? እኛ ዘንድ ተዝካር ሲወጣ ቄሱ የአንዱን ሟች ስም ጠርቶ መጽሐፉን አያጥፍም። የአባት፣ የእናት፣ የአክስት፣ በልጅነቱ የሞተ ወንድም ሳይቀር በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል። አንድ ስም የዘለለ እንደሆነ ከጥግ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ቄሱም ተመልሶ ይጠራል። ነገሩ ይኼው ነው። ታዲያ ተዝካር ከሆነ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም።

ሮማኒና ሰፈር ለምትኖረው ጓደኛዬ ለሙሉ ደወልኩ።

"ሙሉዬ፣ ንፍሮ ልቀቅል ነው፤ ምን ያህል ይበቃል?"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። የመርከብ ተዝካር ነው።"

"መርከብ ደግሞ መሞት ጀመረ?"

"መርከቡማ አለ። የሞቱት ሰዎቹ ናቸው። የጦር መርከብ ስንት ሰው ይይዛል አንቺ?"

"እኛን ያወጣን ስንት ይዞ ነበር?" አለች።

እኔና ሙሉ የምናውቀው የጦር መርከብ አንድ ብቻ ነው። ከባሕር ያወጣን ነው። ግራጫ ነው፤ አራት ፎቅ ቤት ተኝቶ የሚዋኝ ይመስላል። ከሱ በፊት የነበርንበት ግን የእንጨት ጀልባ ነበር። ሞተሩ በሁለተኛው ቀን ሲያቃስት አንድ ሰውዬ ተንበርክኮ ያዘው፤ የላላውን በቀበቶው አሰረ፣ ሲግል በባሕር ውሃ አቀዘቀዘ። መዳፉ ተልጦ ነበር። ግራጫው መርከብ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ ሞተር ላይ ቀና ሲል አላየሁትም። ይህን እዚህ ላይ አስቀምጡልኝ፤ ወደ ንፍሮው ልመለስ።

"እንግዲያው ሁለት ኪሎ ስንዴ፣ አንድ ኪሎ ሽምብራ። ጭብጥ ጭብጥ ለመቶ ሰው ይደርሳል" አለች ሙሉ። ሙሉ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት።

ያን ሁሉ ንፍሮ ችሎ፣ መንገድ ላይ ሳይደፋ፣ ትኩስነቱንም ጠብቆ የሚደርስ ድስት ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የሲኞራ የሚያፏጨው ድስት። ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚቆለፍ፣ አናቱ ላይ እንፋሎት የሚያስወጣ እንደ ጡት ጫፍ ያለ ብረት የተሰካበት፣ ከባድ፣ ያረጀ ድስት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጥጄ ቀቀልኩ፣ ቆለፍኩ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ሲኞራን አለባብሼ፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ድስቱን አሳቀፍኳቸው።

ትራም ላይ አንዲት ደግ ሴትዮ ሲኞራ ጭን ላይ ያለውን ነጭ ጥቅል አይታ ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ "ስንት ጊዜው ነው?" አለች።

"ሁለት ሰዓቱ ነው" አሉ ሲኞራ። "ገና ትኩስ ነው።"

ሴትዮዋ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች።

ሲኞራ የሚሉኝን እየተከተልኩ ስገፋ ስገፋ ከከተማው መካከል አንድ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ በር ላይ ደረስን። ዙሪያዬን አየሁ። ሮም ባሕር እንደሌላት አውቃለሁ፤ ግን ቢያንስ ወንዝ ዳር እንሄዳለን ብዬ ነበር።

"ሲኞራ፣ ወንዙ እኮ ወዲያ ነው።"

"ወንዝ ማን ፈለገ? ግፊ።"

በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ወንዶቹ ቀበቶ ይፈታሉ፣ ሰዓት ያወልቃሉ፣ ሳጥን ውስጥ እያስቀመጡ አንገታቸውን ደፍተው በየተራ ይገባሉ። ይህን ሳይ ገባኝ። ቅዱስ ቦታ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። አውልቄም ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ የበሩን መቃን ሳምኩ፣ በካልሲዬ ቆምኩ። የግራ እግሬ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ እንዳለው ያስታወስኩት ያኔ ነው። አንድ ወጣት መርከበኛ ጣቴን አይቶ ቶሎ ወደ ጣሪያው ተመለከተ። ጨዋ ልጅ ነው።

ድስቱ በመፈተሻው ማሽን ገባ። ገባ፤ ግን አልወጣም። ስክሪኑን የሚያየው ሰው ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ከዚያ ወደኋላ ገፋ። ከዚያ ተነሣ።

"ይህ የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አልኩ።

"ምንድን ነው?"

አሁን ጣሊያንኛ ንፍሮ የሚል ቃል አለው ወይ? የለውም። ስለዚህ ዓላማውን ብነግረው ይሻላል ብዬ "ለሙታን ነው" አልኩት።

በዚያች ቅጽበት፣ ቅዱስ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ከትራሙ መንገጫገጭ ይሁን ከውስጡ ግለት፣ ድስቱ ማሽኑ ውስጥ ሆኖ "ፍስስስስ" አለ።

እኔ በሕይወቴ ደንግጬ አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ድንጋጤ አልነበረም፤ ነፍሴ ወጥታ ራቅ ብላ ቆማ አየችኝ። ሰልፉ ሁሉ እንደ መጋረጃ ተከፈተ። ቀበቶውን የፈታ አንድ ሰውዬ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሮጠ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ ተረቱን ያወጣችው ሴት የእኔ ቢጤ መሆን አለባት። ፔርሜሶዬ፣ ኮንትራቴ፣ የስድስት ዓመት ድካሜ፣ ሁሉም ከዚያች ቀጭን እንፋሎት ጋር ሲወጣ ታየኝ። እኔ ደርቄ ቆሜ ሳለሁ የተናገሩት ሲኞራ ናቸው።

"ስንዴ ነው" አሉ፣ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ። "አንድ ሰፈር ጦር ሆናችሁ ስንዴ ትፈራላችሁ? ጥሩልኝ አለቃችሁን።"

አለቃው መጣ። ማሬሻሎ ይሉታል፤ ነጭ ጢም ያለው፣ ወደ ጡረታ የተጠጋ፣ እጁ ሰፊ ሰው ነው። ድስቱን ራሴ እንድከፍተው አዘዘኝ። ክዳኑን ስጠመዝዝ እንፋሎቱ ወጥቶ መነጽሩን ሸፈነው። ያበሰለ ሰው ቀድሞ መቅመስ አለበትና እፍኝ ሙሉ ዘግኜ ጎረስኩ። ቆሜም አላመጥኩ። ሁሉም እስክውጥ ይጠብቃል። እንደዚያን ቀን ስንዴ ጠንክሮብኝ አያውቅም።

"ለኔም" አሉ ሲኞራ። ሰጠኋቸው። አላምጠው "ጨው አንሶታል" አሉ።

ማሬሻሎው መነጽሩን ወለወለና "እስቲ አስረጂኝ" አለኝ። ተዝካርን፣ ባዶ እጅን፣ የሲኞራን አባት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ንፍሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ አውራ ጣቴን አየ።

"አሎራ፣ እንግዲህ" አለ በመጨረሻ። "ምግብ አይገባም። እዚህ ከኔ ጋር ይቆያል። እናንተ ግቡ፣ ሊጀመር ነው።"

ጫማዬን ግን አድርጊ ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከድስቱ አጠገብ ትቼው ገባሁ።

ኮሪደሩ መካከል ስልኬ ጮኸ። ማርኮ ነው።

"እማማ እንዴት አደረች?"

"ቫ ቤኔ፣ ደህና ናቸው። ቤት ነን።"

ይህን ስል አዳራሹ ውስጥ መለከት ተነፋ።

"ያ ምንድን ነው?"

ሲኞራ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና "ቴሌቪዥን ነው" ብለው ዘጉት። ዘጠና አንድ ዓመት ሲሞላችሁ እንዲህ ያለ ውሸት ያምርባችኋል።

አዳራሹ ገባን። በመስታወት ውስጥ የተቀመጡ አሮጌ ባንዲራዎች፣ የተደረደሩ መርከበኞች፣ አበባ፣ ማይክሮፎን። ወንበር ላይ ሃምሳ ያህል ሰው ተቀምጧል። በሃምሳው ሰው መካከል አንድ ረጅም ጠባብ ጀልባ በብረት እግር ላይ ቆሟል። እኔ አለፍ ብዬ የሚወስደን በር ፈለግኩ።

"ሲኞራ፣ መርከቡ በየት በኩል ነው?"

"ፊትሽ ነው።"

"ይሄ ጀልባ ነው። መርከቡን ነው የምልዎት።"

"ልጄ፣ ይሄው ነው።"

ክው አልኩ። ከእንጨት የተሠራ ነው። ቁመቱ ረዘም ከማለቱ በቀር እኔና ሙሉ የተሳፈርንበትን ያህል ቢሆን ነው። ጎኑን በካልቾ ቢመቱት የሚበሳ ይመስላል። እኔ ለአራት ፎቅ ሰው ቀቅዬ መጥቻለሁ፤ እነዚህ ሰዎች በዚህ ገብተው ነው ያንን የሚያህል ጠላት የገጠሙት? እንዲህ ያለች ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። እንዲህ ያለች ጀልባ ውስጥ ጀግናም ፈሪም፣ አዛዥም ታዛዥም፣ ሁሉም ጆሮውን ጥሎ የሚያዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩን። ሞተሩ ካለ አለህ። ዝም ካለ የለህም።

ሲኞራ በጀልባው ዙሪያ ከተወጠረው ቀጭን ገመድ ማዶ እጃቸውን ዘረጉ። አልደረሰላቸውም።

ሥነ ሥርዓቱ ተጀመረ። አንድ አድሚራል፣ ደረቱ ላይ ሜዳልያ የሞላ፣ ቁመቱ ዛፍ የሚያህል፣ ወረቀት ዘርግቶ ስለ አዛዡ ተናገረ። ስለ አዛዡ ድፍረት፣ ስለ አዛዡ ዓይን፣ ስለ አዛዡ እናት ሳይቀር። ስሙ ሲጠራ አንድ መርከበኛ ትንሽ የብር ፉጨት አውጥቶ ነፋ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ልብ የሚበሳ ድምፅ። የመርከበኞች የክብር ሰላምታ መሆኑን ሲኞራ በጆሮዬ ነገሩኝ። ሁሉም ተነሣ። ሁሉም ተቀመጠ። ሲኞራ እጄን ይዘዋል። "ቆይ፣ አሁን ነው" እያሉ ነው። አድሚራሉ ወረቀት ሲገለብጥ እጃቸው ይጠብቃል፤ ሌላ ነገር ሲያነብ ይላላል። ሦስት ጊዜ ጠበቀ፣ ሦስት ጊዜ ላላ።

ከዚያ አድሚራሉ "ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ" አለና ወረቀቱን አጠፈው።

የሲኞራ እጅ ከእጄ ወጣ። ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

አያችሁ፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል። ግን እንዴት ያለ ነገር ነው ብዬ ተደነቅኩ። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ፣ መለከት ነፍቶ፣ አበባ አስቀምጦ፣ የአንድ ሰው ስም ብቻ ጠርቶ የሚታጠፍ ተዝካር አይቼ አላውቅም። ከጥግ የተቀመጠችውን አሮጊት ፈለግኩ፤ ጉሮሮዋን የምትጠርገውን። አዳራሹ ውስጥ የለችም። ለካ የዛሬዋ እኔ ነኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያሰብኩት ቀስ ብዬ ነበር፤ የወጣው ግን እንደ ላም ነው። ሃምሳ አንገት ዞረ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር አድሚራል" አልኩ። "የቀረ ስም አለ።"

"የምን ስም?"

"ሞተሩን የያዙት ሰው። አዛዡ ጀግና ናቸው፤ ማንም አልካደም። ግን ጀልባውን ወስዶ የመለሳቸው ሌላ ሰው ነው። ልጃቸው እነሆ ተቀምጠዋል።"

አድሚራሉ ካልሲዬን አየ። ከዚያ ሲኞራን አየ። ከዚያ በጨዋ ሰው ድምፅ "ሲኞራ፣ ዝግጅቱ አስቀድሞ የሚወጣ ነው። በጽሑፍ ካመለከቱ ለሚቀጥለው ዓመት..." አለ።

"የሚቀጥለው ዓመት የለኝም" አሉ ሲኞራ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ቆሎ የለኝም እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት። "ቫ ቤኔ፣ ልጄ። እንሂድ።"

ወንበሩን ለማዞር ስጀምር ከበሩ በኩል "ይፍቀዱልኝ" የሚል ድምፅ መጣ። ማሬሻሎው ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነጩ ጢሙ ላይ አንዲት የስንዴ ፍሬ ተጣብቃለች።

"እኔ የሞተር ክፍል ሰው ነኝ፣ ክቡር አድሚራል" አለ። "አንድ ስም ለመጥራት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

እኔ አሁን ደግሞ ይህንንም ሰው ከሥራ አስወጣሁት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አድሚራሉ ከመድረኩ ወርዶ ሲኞራ ፊት ጎንበስ ብሏል።

"የአባትዎ ሙሉ ስም?"

ሲኞራ፣ ለትራም ሴትዮና ለወታደር መልስ የማያጡት ሲኞራ፣ ሁለት ጊዜ ሞክረው በሦስተኛው ተናገሩ። አድሚራሉ በእስክሪብቶ የታጠፈው ወረቀቱ ላይ ጻፈው፣ ወደ ጀልባው ዞረ፣ ተረከዙን ገጠመና ጠራ።

"የሞተር ሠራተኛ ኔሎ ፋቢያኒ።"

የብሩ ፉጨት ተነፋ። ለአዛዡ ከተነፋው አላነሰም፤ እኔ ቆጥሬያለሁ። ሁሉም ተነሣ። መቆም የማይችሉት ሲኞራ ብቻ ተቀምጠው ነበር። ፉጨቱ ሲያበቃ፣ ትምህርት ቤት ስሟ እንደተጠራ ተማሪ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ኤኮሚ" አሉ። አለሁ ማለታቸው ነው፤ በአባታቸው ፋንታ።

ማሬሻሎው ገመዱን ከፍ አደረገልኝ። ወንበሩን አስጠጋሁ። ሲኞራ መዳፋቸውን ጀልባው ጎን ላይ አሳረፉ፤ ብዙ ቆዩ። ማንም አላጣደፋቸውም።

ንፍሮው ደጅ ደረጃው ላይ ተበላ። ማሬሻሎው የቡና ኩባያ አመጣ፤ በየኩባያው እየጨለፍኩ አደልኩ። ሱሪውን ይዞ የሮጠው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተሰለፈ። አድሚራሉ ቆሞ አንድ በአንድ ሲቆረጥም ቆየና በትሕትና ጨው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ሲኞራ እኔን ብቻ አዩ።

ስንመለስ ትራሙ ባዶ ነበር። ባዶውን ድስት አቅፈው ፒኜቶ ልንደርስ ስንል ሲኞራ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠየቁኝ።

"አንቺን ባመጣው ጀልባ ላይስ፣ ሞተሩን ማን ያዘው?"

"አንድ ሰውዬ ነው።"

"ስሙ ማን ነበር?"

በማሽኑ ጊዜ ደነገጥኩ ብያችኋለሁ፤ ጀልባውን ሳይ ክው አልኩ ብያችኋለሁ። እነዚያን ሁሉ ሰርዙልኝ። የደነገጥኩት አሁን ነው። አድሚራልን የሚያህል ሰው በሕዝብ ፊት ስም ዘለልክ ብዬ ያሳፈርኩ እኔ፣ መዳፉን ልጦ ያሻገረኝን ሰው ስም አላውቅም። አልጠየቅኩትም። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ግራጫው መርከብ ላይ ከወጣን በኋላ በየት እንደሄደ እንኳ አላየሁም፤ ብርድ ልብስ ስቀበል ነበር።

ቤት እንደገባን ለሙሉ ደወልኩ። እሷም አታውቅም። አብሮን የነበረ ሚላኖ ያለ ሰው አለ፤ ለሱ ደወለች። እሱ አንድ ጀርመን ያለ ያውቃል። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ከአገር አገር ይዞራል። እስካሁን የተገኘው ነገር ሰውየው ጎንደር ውስጥ ወፍጮ ቤት ይሠራ እንደነበር ብቻ ነው።

እኔ ሁለት ኪሎ ስንዴና አንድ ኪሎ ሽምብራ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ስሙ ሲገኝ እቀቅላለሁ። ሲኞራ ትናንት ከረጢቱን አይተው "ሰውየው በሕይወት ካለስ?" አሉኝ።

"መጥቶ ራሱ ይብላዋ" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና "እንዲያ ከሆነ ጨው ጨምሪበት" አሉ።